የተበተነ የሴት ታሪክ አለቃቀም፦ ከበርማዋ ዘፋኝ ከዶራ ታን ኤ የተማርኩት

አክስቴ የተቀበረች ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪኳ ግማሽ ገጽ አይሞላም ነበር። የት ተወለደች፣ ማንን አገባች፣ ስንት ወለደች፤ አለቀ። በወጣትነቷ ባንድ ውስጥ ትዘፍን እንደነበር ማንም አላነሳም። ኢሲኤ ገብታ ሃያ ሁለት ዓመት በታይፒስትነት መሥራቷም "በመንግሥት ሥራ" ተብሎ ታለፈ። ኢሲኤ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ነው እንጂ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። ያቺ ቃል እስካሁን ትቆጠቁጠኛለች።

ዶራ ታን ኤን ያገኘኋት ከዚያ ወዲህ ነው። ስለ በርማዋ (የዛሬዋ ምያንማር) ፖለቲከኛ ስለ አውንግ ሳን ሱ ቺ ሳነብ መሃል ላይ አንዲት የቤተሰብ ወዳጅ ብቅ አለች። በበርማ ስመ ጥር ዘፋኝ የነበረች፣ በኋላም የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኛ የሆነች ሴት ነች። ገጹን ስገልጥ የለችም። ዘፈንና ቢሮ፣ ልክ እንደ አክስቴ። ታሪኳን በአማርኛ ልጽፍ ቁጭ አልኩ። ስድስት ወር ፈጀብኝ። የሄድኩበትን መንገድ እነሆ። ሳይጻፍ የቀረ ታሪክ ያላት አክስት ወይም ጎረቤት ካለቻችሁ ይጠቅማችኋል። ስለ ዶራ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መጀመሪያ ስሟን አጣሩ። እኔ ዶራን የፈለግኳት እንደ ፈረንጅ ስም ነበር። የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርጌ "ኤ" በሚለው ፊደል ሥር ገባሁ። ሁለት ሳምንት በከንቱ ሄደ። የሚያስቆጨኝ፣ ነገሩ ከእኛ የራቀ አለመሆኑ ነው። በርማዎችም እንደ እኛ የቤተሰብ ስም የላቸውም። የአባት ስም እንኳ አያስከትሉም። "ታን ኤ" ሁለቱም ቃል አንድ ላይ የራሷ ስም ነው። "ዶራ" የፈረንጅ ስም ነው። ከፊት የሚገቡት ደግሞ የአክብሮት ቃላት ናቸው። "ማ" እህት ማለት ነው፣ ለወጣት ሴት። "ዶ" አክስት እንደማለት ነው፣ ለትልቅ ሴት። "ኡ" አጎት ነው፣ እኛ "አቶ" በምንልበት ቦታ። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኡ ታንት ስማቸው "ታንት" ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ወስዳችሁ የምትታወቅበትን ስም ሁሉ ጻፉ። የዶራ አምስት ሆነ። ማ ታን ኤ፣ ዶ ታን ኤ፣ ዶራ ታን ኤ። ኦስትሪያዊውን የፊልም ሰው ሮበርት ፌንድን ስላገባች "ፌንድ" በሚልም ትገኛለች። አምስተኛው የመድረክ ስሟ ነው፦ ቢላት ፕያን ታን።

ይሄኛው ላይ ቆም በሉ። "ቢላት ፕያን" ማለት "ከእንግሊዝ አገር ተመላሽ" ማለት ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን እንግሊዝ ደርሶ የመጣ ሰው በበርማ የሚጠራበት ነው። "ቢላት" መነሻው ዐረብኛ ነው፣ በህንድ በኩል ዞሮ የመጣ። የእንግሊዝ ወታደሮች አገራቸውን "ብላይቲ" የሚሉትም ከዚያው ቃል ነው። አንድ የመድረክ ስም ብቻ ይዤ ስለ እሷ ሦስት ነገር አወቅኩ። ሄዳለች፤ ተመልሳለች፤ ሕዝቡም መመለሷን ከስሟ ጋር ሊጠራው ወዷል። የእናንተዋም ሴት የመድረክ ስም፣ የቤት ስም ወይም የሰፈር ቅጽል ካላት "ማን አወጣልሽ?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ከዚያ ጥያቄ ሌላ ሙሉ ታሪክ ይወጣል።

ቀጥሎ ደብተር። ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በግራ የአገሩ ነገር፣ በቀኝ የእሷ። በእርሳስ ጻፉ፤ ትሰርዛላችሁና። በዶራ ገጽ ግራው እንዲህ ነው። በማርች 1942 ዋና ከተማዋ ራንጉን በጃፓኖች እጅ ወደቀች፤ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ ህንድ ተሰደደ። በጃንዋሪ 1947 የሱ ቺ አባት ጄኔራል አውንግ ሳን ለንደን ሄዶ ከእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር አትሊ ጋር ስለ ነፃነት ተፈራረመ። በዚያው ዓመት ጁላይ 19 ተገደለ። ጃንዋሪ 4 ቀን 1948 አገሪቱ ነፃ ወጣች። በማርች 1962 ጄኔራል ኔ ዊን በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዘ። ቀኙን ስሞላ፣ ከ1947ቱ ትይዩ "ለንደን ነበረች፤ አውንግ ሳንን እዚያ አገኘችው" ብዬ ጻፍኩ። አስቡት፤ ሱ ቺ ያኔ የአንድ ዓመት ከምናምን ልጅ ናት። ዶራ ከልጅቷ በፊት አባትየውን ታውቀዋለች። ይህን ያሳየኝ ደብተሩ ነው።

ባዶ የቀረ መስመር ካለ ባዶ ይቅር። በግምት አትሙሉት። ለእኛ ሰዎች ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩን እዚያው ምልክት አድርጉ። የአክስቴ ጓደኛ "በ66" ሲሉኝ አብዮቱ የፈነዳበትን 1966 ዓ.ም. ማለታቸው ነው። እ.ኤ.አ. ነው ብዬ ብጽፈው ኖሮ አክስቴ ስምንት ዓመት ወደኋላ ትሄድ ነበር።

የዘፈኑን ዘመን ስትይዙ ደግሞ ዕቃውን ፈልጉ። በዶራ የዘፋኝነት ዘመን ድምፅ የሚታተመው በደቂቃ 78 ጊዜ በሚዞር ሸክላ ላይ ነበር። አንዱ ፊት ሦስት ደቂቃ ገደማ ይይዛል። ዘፈኑ ያጠረው ለዚህ ነው እንጂ ደራሲው ስንፍና ይዞት አይደለም። እንዲህ ያለ ሸክላ እጃችሁ ከገባ ከማጫወታችሁ በፊት ሁለቱንም ፊት ፎቶ አንሱ። መሃሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ የአሳታሚውና የዘፋኙ ስም፣ የካታሎግ ቁጥርም አለ። ከወረቀቱና ከመጨረሻው ጭረት መሃል ባለው ለስላሳ ቦታ ላይ ሌላ ቁጥር ተጭሮ ታገኛላችሁ። ከፊት ለፊት አይታይም። የስልካችሁን መብራት አግድም ስታበሩበት ብቅ ይላል። የቅጂውን ጊዜ ለማወቅ የሚረዳው ይሄኛው ነው፤ የካታሎግ ቁጥር ሸክላው በድጋሚ ሲታተም ሊቀየር ይችላል።

አንድ ነገር አደራ። የ78 ዙር ሸክላን በአልኮል አትጥረጉ። የሚሠራበት ሙጫ በአልኮል ይሟሟል። የአባቴን አንድ ሸክላ ያበላሸሁት እኔው ነኝ። ጥጡ ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ ሸክላው አመድ የነሰነሱበት መሰለ። ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ጠብታ ሳሙና ይበቃዋል። ወረቀቱን ውኃ አይንካው።

አሁን ወደ ቢሮው። አብዛኛው ሰው እዚህ ሲደርስ ይቸኩላል። "ከዚያም በተባበሩት መንግሥታት ሠራች" ብሎ ሃያ ዓመት በአንድ መስመር ይውጣል። እባካችሁ አታድርጉት። ዓለም አቀፍ ሲቪል ሰርቫንት መሆን ራሱን የቻለ ሕይወት ነው። የድርጅቱ ቻርተር አንቀጽ 100፣ ሠራተኛው ከየትኛውም መንግሥት ትእዛዝ እንዳይጠይቅ፣ እንዳይቀበልም ይደነግጋል፤ ከራሱም መንግሥት ቢሆን። ይህን ከደብተሩ ግራ ዓምድ ጋር አያይዙት። አገሯ ከ1962 ጀምሮ በወታደር እጅ ናት። እሷ የምትሠራበት ድርጅት መሪ፣ ከ1961 እስከ 1971፣ የአገሯ ልጅ ኡ ታንት ናቸው። የምትሠራው ግን የየትኛውም መንግሥት ሰው ሆና አይደለም። "በመንግሥት ሥራ" የምትለዋ ቃል ለምን እንዳንገበገበችኝ አሁን ገባችሁ።

ሥራውን በግሥ ጻፉት። ዶራ አልጀርስ ውስጥ በተባበሩት መንግሥታት የማስታወቂያ ማዕከል ሠርታለች። እንዲህ ያለ ማዕከል ለጋዜጠኛው፣ ለትምህርት ቤቱ፣ ለመንገደኛው ድርጅቱ ምን እንደሆነ ያስረዳል፤ መጽሐፍ ያስነብባል፣ ፊልም ያሳያል። አልጄሪያ ደግሞ ከረጅም ጦርነት በኋላ በ1962 ነፃ የወጣች ገና ትኩስ አገር ነበረች። በኢሲኤ የሠራ ዘመድ ካላችሁ ቡናማ ፖስታዎቹን ጠይቁ። የሥራ ባጅ፣ የአገልግሎት የምስክር ወረቀት፣ የደመወዝ ወረቀት ሁሉ ይጠቅማል። ኢሲኤ የተመሠረተው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች በሕይወት ካሉ ጊዜ የላችሁም። ኒው ዮርክ ያለው የድርጅቱ ቤተ መዛግብትም ምስጢር ያልሆኑ ፋይሎችን በአብዛኛው ከ20 ዓመት በኋላ ይከፍታል። ስትጽፉላቸው ስሙን በሁሉም አጻጻፍ፣ ከተማውንና ዓመቱን ጨምሩ።

ትልቁ ሥራ ግን ዓረፍተ ነገር መገልበጥ ነው። ስለ ዶራ ያገኘሁት አብዛኛው ዓረፍተ ነገር፣ ድርጊቱን የምትፈጽመው ባለቤት ሱ ቺ ነበረች። "ሱ ቺ በ1965 በጋ ወደ አልጀርስ ሄደች።" "ሱ ቺ ኒው ዮርክ ስትሠራ ከማ ታን ኤ ጋር ኖረች።" እያንዳንዱን ዶራን ባለቤት አድርጌ እንደገና ጻፍኩት። "የአልጄሪያው ፕሬዚዳንት ቤን ቤላ በመፈንቅለ መንግሥት በወረደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዶራ አልጀርስ ላይ የኦክስፎርድ ተማሪ እንግዳ ተቀበለች። እንግዳዋ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ለነፃነት ታጋዮች መበለቶች ቤት ልትሠራ ሄደች።" "ከ1969 እስከ 1971 ዶራ ማንሃተን ያለውን ትንሽ አፓርታማዋን ለወዳጆቿ ልጅ አካፈለች።" ወሬው ያው ነው፤ ሰውዬዋ ግን መጣች። ቁልፉን የያዘችው፣ በሩን የከፈተችው እሷ ናት። ሱ ቺ ራሷ "የጭንቅ ቀን አክስቴ" ትላት ነበር። እኛ ቤትስ እንዲህ ያለች አክስት የሌለው ማን አለ?

ከታዋቂው ሰው ጥላ ስትጠነቀቁ ኋላ ከመጣውም ተጠንቀቁ። ሱ ቺ በዲሴምበር 2019 ዘ ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ቀርባ፣ በሙስሊሞቹ አናሳዎች በሮሂንጋዎች ላይ ተፈጸመ በተባለው የዘር ማጥፋት ጉዳይ አገሯን መከላከሏ ብዙ ወዳጆቿን አስከፍቷል። ዶራ ግን ያረፈችው በ2007 ነው፣ ኦክስፎርድ፣ መቶ ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት። ያላየችውን ዘመን አታሸክሟት።

ሴትዮዋ ራሷ የጻፈችው ካለ ለብቻው ይነበብ። በ1991 በታተመው የሱ ቺ ጽሑፎች መድበል ውስጥ የዶራ ትዝታ አለ። የጻፈችው ስለ ሱ ቺና ስለ ቤተሰቧ ነው። እኔ በቀይ እርሳስ "እኔ" ያለችበትን ሁሉ እያሰመርኩ ሄድኩ። ከዚያ የተሰመረውን ብቻ መልሼ አነበብኩ። ስለ ሌላ ሰው ስታወራ ስለ ራሷ ያመለጣት ነገር ከምትጠብቁት ይበዛል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ አክስቴ ተመለስኩ። ባንድ ውስጥ አብረዋት የዘፈኑት ጓደኛዋ አሉ፤ ሰማንያን አልፈዋል። "ሕይወቷን ይንገሩኝ" አላልኳቸውም። እንዲህ ሲባል ሰው የለቅሶ ንግግር ይጀምራል። "መጀመሪያ መድረክ የወጣችሁ ቀን ምን ለብሳ ነበር?" አልኳቸው።

"የእኔን ጫማ ነዋ!" አሉ። "የእሷ ተበጥሶባት። እግሯ ከእኔ ይተልቃል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ስትዘፍን ተረከዟ ውጭ ነበር።"

ስልኬን የታጠፈ ነጠላ ላይ አስቀምጬ ቀዳሁ። ረከቦቱ ላይ አታስቀምጡ፤ ሲኒው ሲንኳኳ ድምፁን ይውጠዋል። ሁለተኛው ቡና ላይ አንዱን ዘፈን በግማሽ አንጎራጎሩልኝ። ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪዋን ስም መጀመሪያ ላይ በድምፅ አስገቡ። ቅጂውንም ሦስት ቦታ አኑሩት፤ ስልክ ይጠፋል።

በሙት ዓመቷ አዲሱን የሕይወት ታሪክ አነበብኩ። ሁለት ገጽ ከሩብ ሆኗል። ኢሲኤ የገባችበትን ዓመት ስጠራ ያቺው የባንድ ጓደኛዋ እማማ ከፊት ወንበር እጃቸውን አነሱ።

"አይደለም ልጄ፣ አንድ ዓመት ቀደም ብላ ነው። መርካቶ ኮት የገዛንላት ዓመት።"

እርሳሴን አውጥቼ እዚያው ቆሜ አስተካከልኩት።