ጦስኙ ይበቃል ወይስ ሽሮፕ ይገዛ?

የምሠራው ደብረ ብርሃን፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ብርዱ ሲጠና ሳል ይዞት የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። እናቶች ታዲያ ገንዘባቸውን ከመቀነታቸው ሳይፈቱ «ልጄ፣ ጦስኙ አይበቃም ወይ?» ይሉኛል። ለተራ ጉንፋን ይበቃል እላቸዋለሁ። ደስ እያለኝ ነው የምላቸው። የአገራችንን ቅጠል አከብራለሁ። «ቅጠል እኮ ነው፣ ምን ያደርጋል?» የሚለውን ግን አልቀበልም። የሚያድን ነገር መጉዳትም ይችላል። ስለዚህ አዘገጃጀቱን፣ መጠኑንና ለማን እንደማይሆን ማወቅ የግድ ነው።

ከጦስኝ እንጀምር። ገበያ ላይ ደርቆ ታገኙታላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት በጣታችሁ አሸት አድርጉና አሽትቱት። ሽታው ከደከመ ቆይቷል፣ ተዉት። ቤት ስትገቡ እንጨቱንና አፈሩን ልቀሙ። ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ በቂ ነው። ውሃው ሲፈላ አውርዱ፣ ጦስኙን ጨምሩ፣ ክደኑት፣ አምስት ደቂቃ ያህል ይቆይ። ክዳኑን አደራ። የጦስኝ ጉልበቱ ያለው እንደ ታይሞልና ካርቫክሮል ባሉ ዘይቶቹ ላይ ነው፤ እነሱ ደግሞ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣሉ። ሳትከድኑ ግማሽ ሰዓት ብታንተከትኩት ሽታው ለቤቱ ይሆናል፣ ለእናንተ የሚተርፈው ቀለም ያለው ውሃ ነው።

ማር ጠብ አድርጉበት፤ ማር ራሱ ሳል ያለዝባል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር በፍጹም አይሰጥም። ማር ውስጥ አልፎ አልፎ የሚገኝ ባክቴሪያ ሕፃኑ አንጀት ውስጥ ተራብቶ መርዝ ያመነጫል። ይህን ለአያቶች ማስረዳት ቀላል አይደለም። ማርን ማን ይጠረጥራል? እኔ ግን ሳልነግራቸው አልሸኝም።

አዘገጃጀት ላይ የማጠብቀው በምክንያት ነው። ለወባ የምንሰጠው ኮአርተም አንዱ ንጥረ ነገር መነሻው አርቴሚሲያ የተባለ ቅጠል ነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ በቅጠሉ ሲሠሩ ውጤቱ አንዴ ይገኛል፣ አንዴ ይጠፋል። በኋላ አንድ ጥንታዊ ጽሑፍ ላይ ቅጠሉ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ እንደሚጠጣ አነበቡ። ስለ ማፍላት የሚል የለም። ሙቀቱን ቀንሰው ሲያወጡት ሠራ። በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኙበት። እንዲህ ስላልኩ ግን ወባን በቅጠል ሻይ ለማከም እንዳትሞክሩ። ብርጭቆው ውስጥ ስንት መድኃኒት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ዳማ ከሴ ጓሮ ካለ ለምች የሚቀድመው የለም። ቅጠሉን እጠቡና መዳፋችሁ ላይ እሹት። አረንጓዴ ጭማቂው ሲወጣ አሽትቱት፣ ግንባራችሁን ተቀቡት። ቡና ላይ ጠብ የሚያደርጉም አሉ። ትኩሳቱ በሁለት ቀን ካልወረደ ግን ምች ነው እያላችሁ አትቆዩ፤ ታይፎይድ ወይም ወባ ሊሆን ይችላል። ቆላ ደርሶ የመጣ ሰው ሁለት ቀንም አይጠብቅ፣ በዚያው ቀን ደሙን ይመርመር። አንገት ከደነደነ ወይም ሰውየው መቀባዠር ከጀመረ አንድ ሰዓትም አይባክን።

ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ማድረግ ሌላ፣ ጨምቆ መጠጣት ሌላ። እርጉዝ ሴት ጭማቂውን አትጠጣ፤ ማህፀን ያኮማትራል። ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ካገኘውም ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል።

በጣም የሚያሳስበኝ አብሽ ነው። አብሽ ጥሩ ነገር ነው። ዱቄቱ ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ጠዋት ከላይ የጠለለው መራራ ውሃ ይደፋል፣ አዲስ ውሃ ተጨምሮበት ነጭ አረፋ እስኪያወጣ ይመታል። ጨጓራዬን ያለዝብልኛል የሚል ብዙ ሰው አለ። ስኳርም ይቀንሳል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም የስኳር ኪኒን የሚውጥ ሰው አብሽ ሲደርብበት ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ድንገት ላብ ካጠመቀው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ርሃብ ካንገበገበው ቶሎ በስኳር የጣፈጠ ሻይ ይጠጣ። የስኳር ሕመምተኛ ሲመጣ «ቤት ውስጥ ሌላ ምን ይጠቀማሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ምንም» ይሉኛል። «አብሽስ?» ስል «እሱማ ጠዋት ጠዋት አለ» ይላሉ። መድኃኒት ነው ብለው አይቆጥሩትማ! ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎችም ነጭ ሽንኩርት በብዛት ሲበሉ እንዲሁ ይደብቁናል። ደም የመፍሰስ አደጋውን ይጨምራል። ንገሩን። አንቆጣም።

ኮሶ አትጠጡ። ሲበዛ ዓይን ይጎዳል፣ ለኮሶ ትል ደግሞ ዛሬ እንክብል አለ።

ጠበል የሚጠመቅ ሰው ኪኒኑን ማቆም የለበትም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ይህን የምጠቅሰው ለብዙዎች ከእኔ ቃል የእሳቸው ስለሚከብድ ነው።

ወጌሻ ጋ የምትሄዱ፣ ለወለምታና ለቅጭት ከሆነ እሺ። አጥንት ተሰብሯል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፣ በተለይ ልጅ ከሆነ፣ መጀመሪያ ራጅ ይነሳ። ታስሮ ከመጣ ደግሞ ማታ ሳትተኙ ጣቶቹን ነካ ነካ አድርጉ። ጥፍሩን ተጫኑና ልቀቁት፤ ወዲያው ቀላ ማለት አለበት። ነጥቶ ከቀረ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያው ደም አግዷል። እስኪነጋ አትጠብቁ። ማሰሪያውን ፈታችሁ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ውሰዱት።