የድሮ ቤት እምነበረድ ወለል ሲሸረፍ

አዳማ ውስጥ የድሮ እምነበረድ ወለል ያላችሁ፣ የተሸረፈውን ቦታ በነጭ ሲሚንቶ አትድፈኑት። እንዲህ ስስ ሆኖ ከድንጋዩ ጋር በደንብ ስለማይያያዝ ተፈርፍሮ ይወጣል። የእምነበረድ ማስቲሽ (ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚደርቅ መሙያ) ግዙ።

መጀመሪያ ወለሉን በሳንቲም አንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ንጣፉ ከሥሩ ለቋልና ቀድሞ እሱ ይጠገን። ስብራቱን አጽድታችሁ አንድ ቀን ሙሉ አድርቁት፤ እርጥብ ድንጋይ ማስቲሽ አይዝም። ለ100 ግራም ማስቲሽ ከ2 እስከ 3 ግራም ማጠንከሪያ ይበቃል። ሲበዛ ቢጫ ይሆናል፣ ነጭ ወለል ላይ ደግሞ በጣም ያስጠላል። በአዳማ ሙቀት ቶሎ ስለሚጠነክር በማለዳ፣ የእንቁላል አስኳል የሚያህል ብቻ እያቀላቀላችሁ ሥሩ። ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ ሙሉትና ሲደርቅ ትርፉን በምላጭ ላጩ።

ቀጥሎ በውሃ እያራሳችሁ በውሃ ብርጭቆ ወረቀት እሹት፣ ከሻካራው ቁጥር ወደ ለስላሳው፦ 220፣ 400፣ 800፣ 1500። ቁጥር በቀየራችሁ ቁጥር እጠቡ፤ የቀረች አንዲት የ220 ቅንጣት የኋለኛውን ልፋት ሁሉ ትቧጭረዋለች። ነፋሱ የሚያስገባው አቧራም እንደዚያው ነው፤ ማስቲሽ ስትቀቡ ለሽታው መስኮት ክፈቱ፣ ስታለሰልሱ ዝጉ።

ሎሚ፣ ኮምጣጤና አሲድ ያለው የሽንት ቤት ማጽጃ በፍጹም አታስነኩት። እምነበረድ ካልሳይት ከሚባል ማዕድን የተሠራ ነው፣ አሲድ ይበላዋል።