ዳኑንዚዮን ስናነብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በ1889 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በወጣው የጣሊያናዊው ገጣሚና ደራሲ የጋብሪኤሌ ዳኑንዚዮ ልቦለድ «ኢል ፒያቼሬ» ውስጥ የሮም ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ይጮኻል። ጩኸቱ ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው ወታደሮች ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ አንድሬያ ስፔሬሊ ከሠረገላው መስኮት ራሱን መለስ አድርጎ ያጉረመርማል፦ «እንደ አውሬ ለሞቱ አራት መቶ አውሬዎች!»

የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ጋ ይመጣል። «ይሄ ሰውዬ ለእኛ ያደላል እንዴ?» እንላለን። ኧረ በጭራሽ! የእኛ ጉዳይ ትዝም አላለው። የናቀው ሕዝቡን ነው። ሕይወትን እንደ ጥበብ ሥራ ለሚቀርጽ ሰው የአደባባይ ሐዘን ጫጫታ ብቻ ነው። ጣሊያኖች «ዴካደንቲዝሞ» የሚሉት ስሜት ይሄው ነው።

ሁለተኛው፣ ስፔሬሊን ደራሲው ራሱ ነው ብሎ መደምደም። ብዙ ይመሳሰላሉ፣ አልክድም። ግን መጨረሻውን እዩት። ስፔሬሊ የከሰረችው ፍቅረኛው ዕቃ ሐራጅ ላይ ሄዶ ይገዛል። ቤቱ ሲደርስ ተሸካሚዎች ቁም ሣጥን ይዘው ደረጃውን ዘግተውበታል። ከኋላቸው አንድ በአንድ እየረገጠ ይወጣል። ጀግና እንዲህ አይሸኝም።

ትልቁ ስህተት ግን ከዴካደንቲዝሞ ወደ ፋሺዝም ቀጥ ያለ መስመር መሳብ ነው። አገዛዙ የሚሰብከው ጤነኛ፣ ብዙ የሚወልድ፣ የሚዋጋ ጣሊያናዊን ነበር፤ የሰለቸው መኳንንት አይመቸውም። የተላለፈው ሐሳቡ ሳይሆን ድግሱ ነው። በ1919 ዳኑንዚዮ ተከታዮቹን ይዞ ፊዩሜ ከተማን (የዛሬዋን የክሮኤሺያ ሪዬካ) ያዘ፤ ከአንድ ዓመት በላይም ገዛት። በረንዳ ላይ ቆሞ «ለማን?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሕዝቡ «ለእኛ!» ብሎ ይመልሳል። «ኤያ፣ ኤያ፣ አላላ!» እየተባለ ይፎከራል። በ1920 የወጣው ሕገ መንግሥቱ ሙዚቃን ሃይማኖታዊና ማኅበራዊ ተቋም አድርጎታል። ሙሶሊኒ ሕገ መንግሥቱን ትቶ በረንዳውንና ጩኸቱን ወሰደ። የሕዝብን ጩኸት የሚንቅ ገጸ ባሕርይ የጻፈው ሰው፣ ሕዝብ እንዴት እንደሚጮኽ አስተማሪ ሆኖ አረፈው።

ሁሉንም ደራሲ በአንድ ቅርጫት መክተትም አለ። የጣሊያን መማሪያ መጻሕፍት ዝቬቮንና ፒራንዴሎን ጭምር ዴካደንት ይሏቸዋል። ፒራንዴሎ በ1924 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ፤ በ1928 የሞተው ዝቬቮ ግን በዚያ መንገድ አልሄደም።

«ገጣሚ ነው፣ ተዉት» የሚሉም አሉ። እኔ አልተወውም። ጣሊያን በ1935 ስትወረን ደገፈ። በ1936 ደግሞ «ቴኔዮ ቴ አፍሪካ»፣ «አፍሪካ፣ ያዝኩሽ» የሚል ጽሑፍ አወጣ።