ሰርግ ሲራዘም ቀብዳችሁ እንዳይበላ

የእህቴ ሰርግ ሀዋሳ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2012 ነበር የተቆረጠው። መጋቢት 4 ኮሮና አገራችን መግባቱ ሲነገር እስከዛ ይረጋጋል ብለን ዝም አልን፣ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ወዲያው ደግሞ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። አዳራሹም ዲኮሩም ቪዲዮውም ቬሎውም ቀብድ ተከፍሎበታል፣ እናቴ ጌሾና ብቅሉን ገዝታ ጨርሳለች። ያኔ የገባኝን ልጻፍላችሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ተመልሶ አይምጣ እንጂ ከመጣ ይጠቅማችኋል።

ከሁሉም በፊት ስትደውሉ ምን እንደምትሉ ተጠንቀቁ። "ሰርጉ ቀርቷል" ወይም "ሰርዘናል" እንዳትሉ፣ "ቀን ይቀየርልን" ነው ሚባለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። እኛ የዲኮሩን ብር ያጣነው በዚ ነው፣ አጎቴ በቅንነት ደውሎ "ሰርጉ ቀርቷል ሌላ ሰው ያዙበት" አላቸው፣ በኋላ ስንሄድ እናንተ ናችሁ የተዋችሁት ተባልን፣ ምንም ማለት አልቻልንም። ስለዚ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቻ ይደውል፣ ሌላው ዝም ይበል።

መንግስት ከከለከለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቁጥር 1792 እና 1793 ከአቅም በላይ ስለሆነ ነገር ነው ሚያወሩት፣ ውሉ እንዳይፈጸም የሚያደርግ የመንግስት ክልከላም እዛ ውስጥ ተጠቅሷል። ፍርሃት ብቻውን ግን ክልከላ አይደለም፣ እንግዳ ይቀርብናል ብላችሁ ብትተዉት በዚ አንቀጽ መከራከር ይከብዳችኋል። ክልከላው የሰርጋችሁን ቀን የሚነካ መሆኑን አይታችሁ ማስታወቂያውን አትማችሁ ያዙ።

አዲስ ቀን ስትመርጡ ሀዋሳ ውስጥ ሁሉም ሰው ከጥምቀት በኋላ ወዳለው ጥር ወይም ከፋሲካ በኋላ ነው ሚሮጠው፣ ጾሙ አለ ክረምቱ አለ፣ ቀን ያልቃል። መጀመሪያ ቤተክርስቲያኑን (ወይም መስጊዱን፣ ቸርቹን) ጠይቁ፣ ከዛ አዳራሹን ሦስት ክፍት ቀን አስቆጥሩ፣ በሦስቱ ቀን ቪዲዮውን ጠይቁ። ሁለቱ የተገናኙበት ቀን ሰርጋችሁ ነው። ዲኮር፣ ኬክ፣ ሜካፕ፣ መኪና በኋላ ይገኛል፣ ቬሎ ላይ ግን ልኬት ሊቀየር ስለሚችል ድጋሚ የመለካት መብት ይኑራችሁ።

በስልክ ተስማማን ብላችሁ እንዳትተኙ። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፦ የድሮው ውል እንዳለ ነው፣ ቀኑ ብቻ ተቀይሯል፣ የተከፈለው ብር ይሄን ያህል ነው ይታሰባል፣ ዋጋው አይጨምርም፣ ድጋሚ ክልከላ ከመጣ ያለ ቅጣት ቀን ይቀየራል። ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ሁለት ምስክርም ይፈርም። ወረቀት እስኪጻፍ በቴሌግራም "በተስማማነው መሰረት" ብላችሁ ላኩላቸውና መልሳቸውን አስቀምጡ። አንዳንዱ እቃ ተወደደ ጨምሩ ይላል፣ ቁጥር 1794 የጥሬ እቃ ዋጋ መጨመር ከአቅም በላይ አይባልም ነው ሚለው፣ ይሄን በእርጋታ ንገሩት።

በእርጋታ ያልኩት አስቤበት ነው። የቪዲዮ ልጆቹ ከፋሲካ እስከ ሰኔ በሚሰሩት ነበር አመቱን ሚኖሩት፣ ያን ጊዜ አንድ ሰርግ አልነበረም። እኛ ከቪዲዮው ልጅ ጋር ቀብዱ ይቆይ፣ ቀሪውን ደግሞ ከቀኑ በፊት በሁለት እንከፍልሃለን ብለን ተስማማን፣ ደስ ብሎት ሐይቅ ዳር የሚነሱትን ፎቶ ራሱ ጨመረልን። ያልተስማማችሁት ካለ ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት ሁለታችሁም ምታከብሩት ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ፣ ለ10 ሺህ ብር አመት መመላለስ አያዋጣም።

የጥሪ ካርዱን እንደገና አታሳትሙ። ወጣቱን በቴሌግራም፣ ትልልቆቹን በስልክ፣ ለአማቾች ግን ሰው ልካችሁ ንገሩ፣ በሜሴጅ የተነገራቸው እንደሆነ ይቀየማሉ። የኛ ለጥር 16 ቀን 2013 እሁድ ተዛወረ፣ ለሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለሁሉም ድጋሚ ደውለን ስናረጋግጥ የመኪናው ሰውዬ ድሮውን ቀን እንጂ አዲሱን እንዳልመዘገበ ያወቅነው ያኔ ነው፣ ስለዚ እናንተም ያችን ሁለተኛ ዙር ስልክ አትዝለሏት።