ዊልቸር ላይ ያለች እናት ስትመጣ የምንሰራቸው ስህተቶች

ዛሬም አየሁት። ልጅቷ ዊልቸሯን ራሷ እየገፋች ገባች፣ ጎረምሳ ወንድሟ ቦርሳዋን ይዞ ከኋላ፣ አዲሷ አዋላጃችን ቀና ብላ ልጁን "የመጨረሻ የወር አበባዋ መቼ ነበር?" አለችው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው!

ኧረ በናታችሁ ራሷን አናግሯት! እምቢ ያላት እግሯ ነው እንጂ አፏና ጆሮዋ ደህና ናቸው። ካርድ ክፍል፣ ላብራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ ሁሉም በእሷ አናት ላይ ከአስታማሚው ጋር ነው የሚያወራው። የትህትና ጉዳይ ብቻ መስሏችሁ እንዳይሆን፣ እህቷ ፊት የማትናገረው ነገር አለ፣ ቤት ውስጥ የሚያንገላታትም ያው አስታማሚዋ ሊሆን ይችላል፣ እሱ አጠገቧ ቆሞ ምን ትንገራችሁ? "ትንሽ ውጪ ጠብቀን" በሉትና በሩን ዝጉ፣ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ፣ ከዛ ጠይቁ። ለሌላዋ እናት የምናደርገው እኮ ነው።

"ማነው ያስረገዘሽ?" የምትልም አለች። ባል ይኖራት ይሆናል ብሎ ማሰብ ምን ይከብዳል? በዚሁ አስተሳሰብ ነው የቤተሰብ ምጣኔ የማናነሳላት፣ የኤችአይቪ ምርመራም የምንዘለው። ከ30 እስከ 49 ዓመት ከሆናት የማህፀን ጫፍ ካንሰር ምርመራም እንደማንኛዋም ሴት ይገባታል። ብቻ ብዙ የማትንቀሳቀስ ከሆነ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ ፒልስ የደም መርጋት ስጋት ስለሚጨምር ሌላውን አማራጭ አስቀድሙ።

"መቆም ስለማትችል ክብደት አልተለካም።" ይሄን ካርድ ላይ ሳነብ ደሜ ይፈላል። ጆንያ የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ከነዊልቸሯ መዝኑ፣ ከዛ ባዶ ዊልቸሩን መዝናችሁ ቀንሱ፣ አለቀ።

ክራንቿን "መንገድ ዘጋ" ብላችሁ ጥግ አትውሰዱባት። ሳትጠይቋትም አትሸከሟት፣ እንዴት እንደምትነሳ የምታውቀው እሷ ናት።

በፖሊዮ አንድ እግሯ የቀጠነ ሁሉ በኦፕራሲዮን ካልሆነ አትወልድም ብሎ ሪፈር መጻፍም ልማድ ሆኗል። ዳሌዋ ተጣሞ ሊሆን ስለሚችል በጊዜ በደንብ ትታይ፣ ልክ ነው፣ ግን በምጥ የሚወልዱም አሉ። እግሯ አልዘረጋ ካለ በጎኗ ተኝታ ትውለድ፣ ማስገደድ የለም።

አሁን የራሴን ልናገር። ከዓመታት በፊት በመኪና አደጋ ህብለ ሰረሰሯ የተጎዳ፣ ከደረቷ በታች ስሜት የሌላት እናት ምጥ ላይ እያለች "ራሴን ፈለጠኝ" አለች፣ ፊቷ ላብ በላብ፣ የደም ግፊቷን ስለካ 180 በ110። ፕሪኤክላምፕሲያ፣ ማለትም በእርግዝና የሚመጣው የግፊት በሽታ ነው ብዬ መድኃኒቱን ማግኒዚየም ለማዘጋጀት ሮጥኩ። እሷ "ሲስተር፣ ቱቦው ተጣጥፎ እንዳይሆን እዪልኝ" ትላለች፣ እኔ ማን ይስማት። ሁለተኛ ስትጮህ ገልጬ አየሁ፣ ካቴተሩ፣ የሽንት ቱቦዋ ማለት ነው፣ ጭኗ ስር ታጥፏል፣ ፊኛዋ ከበሮ ሆኗል። ቀጥ ሳደርገው ሽንቱ ወረደ፣ ግፊቱም ተከትሎት ወረደ። ኦቶኖሚክ ዲስሪፍሌክሲያ ይባላል፣ ከጉዳቱ በታች ያለው አካል ሲረበሽ የደም ግፊት በድንገት የሚያሻቅብበት ነው። ጉዳቷ ከደረት ስድስተኛ አከርካሪ ወይ ከዛ በላይ ከሆነ ፊኛ ሲሞላ፣ ሰገራ ሲደርቅ፣ ምጡ ራሱም ሊያስነሳው ይችላል። ቀና አድርጋችሁ አስቀምጧት፣ ልብሷን አላሉላት፣ ካቴተሩን እዩ፣ ካልወረደ ቶሎ ሐኪም ጥሩ፣ ቀልድ አይደለም፣ ጭንቅላት ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። እንዲህ ያለች እናት ምጥ ላይሰማትም ስለሚችል እርግዝናዋ ሲገፋ ሆዷ ሲጠጥር በእጇ እየዳበሰች እንድትለይ አስተምሯት።

የሽንት ዕቃ ሰጥታችሁ ሽንት ቤቱ ሦስት ደረጃ እንዳለው አትርሱ።

ስለ ራምፕ፣ ዊልቸር ስለሚወጣበት ተዳፋት መንገድ፣ ብዙ አልልም፣ እኛም ጋር ተሰርቷል። ችግሩ እላዩ ላይ ሞተር ሳይክል መቆሙ ነው። የዛሬዋ ልጅ ቀጠሮዋ የዛሬ ወር ነው፣ ሞተሩ የማን እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።