የየዕለት እንግሊዝኛችሁን ከራሳችሁ ስህተት ተነስታችሁ እንዴት ታሻሽላላችሁ?

ከዓመታት በፊት እንግዳ ማረፊያ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። አንድ ፈረንጅ አስጎብኚው ስንት ሰዓት እንደሚመጣ ጠየቀኝ። «አት ስሪ ኦክሎክ» አልኩት። እኔ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለቴ ነው። ለእሱ ግን ስሪ ኦክሎክ ማለት የእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። አስጎብኚው ጠዋት መጥቶ ጠብቆ ጠብቆ ሄደ። ሰውየው ደግሞ በ9 ሰዓት ካሜራውን አንግቶ ከክፍሉ ወረደ። ፊቱን እስከዛሬ አልረሳውም።

ሰዋስው አልተሳሳትኩም። ቃሉም ልክ ነበር። በእንግሊዝኛ የተናገርኩት የአማርኛ ሰዓት ነው እንጂ። ከዚያ ወዲህ የራሴንም የሰውንም እንግሊዝኛ ልብ ብዬ ሳዳምጥ፣ አብዛኛው ስህተት ከሥሩ አማርኛ አለበት። ብዙዎቻችን እንግሊዝኛን ከታች ክፍል ጀምረን ተምረናል። 9ኛ ክፍል ስንደርስ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የሰዋስው መጽሐፍ ከገጽ 1 እንደገና መጀመር ብዙም አያራምድም። የሚያራምደው የራስን ስህተት ማደን ነው።

1. አንድ ደብተር ያዙ

ማታ ማታ ስለዋላችሁበት 5 ዓረፍተ ነገር ጻፉ። መጀመሪያ በአማርኛ ጽፋችሁ አትተርጉሙ፤ ለስልካችሁም አታስተርጉሙት። የምታውቁት ቃል ትንሽ ከሆነ በዚያችው ትንሽ ቃል ጻፉ። ከደብተሩ በቀኝ በኩል ያለውን ገጽ ብቻ ተጠቀሙ። ግራው ለእርማት ይቆይ።

2. አማርኛው የት ጋ እንደገባ ፈልጉ

በማግስቱ፣ ስሜቱ ሲበርድ፣ የጻፋችሁትን አንብቡ። «ቴሌቪዥኑን ክፈተው» ስለምንል «ኦፕን ዘ ቲቪ» ብላችሁ ይሆናል። እንግሊዝኛው «ተርን ኦን» ነው። «ስልኩን ዘጋብኝ» ለማለት ደግሞ «ክሎዝ» አይሆንም፤ «ሂ ሀንግ (hung) አፕ ኦን ሚ» ነው የሚባለው። «ከእሱ ጋር ተጋባች» ውስጥ ያለችው «ጋር» ደግሞ «ሺ ሜሪድ ዊዝ ሂም» ታሰኘናለች። «ዊዝ» ትውጣ፣ «ሺ ሜሪድ ሂም» ይበቃል። መኪናዋ ተበላሸች ብለን ስለለመድን «ሺ» የምንላት መኪናም «ኢት» ናት።

ሰዓት ላይ 6 መደመር ወይም መቀነስ አትርሱ። የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት የእነሱ 8 ነው። ቀጠሮ ስትይዙ «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ወይም «ኢን ዘ አፍተርኑን» ጨምሩበት፤ እኔን ከገጠመኝ ያድናችኋል።

3. አማርኛችሁን መርጃ አድርጉት

እዚህ ጋ ቆም እንበል። አማርኛ ያሳስተናል ብቻ ሳይሆን ያግዘናልም።

ሰውን ሁሉ የሚያስጨንቀውን «ሃቭ» ውሰዱ። ቤት ስትገቡ እናታችሁ ምሳ ልታቀርብላችሁ ብድግ ስትል ምን ትላላችሁ? «በልቻለሁ»። መቼ እንደበላችሁ ጉዳይ አይደለም፤ ዋናው አሁን አለመራባችሁ ነው። ይሄ «አይ ሃቭ ኢትን» ነው። «ትናንት ዶሮ በላሁ» ስትሉ ግን ጊዜው ታውቋል፣ ነገሩም አልፏል። እሱ «አይ ኤት» ነው። ጆሯችሁ ልዩነቱን ድሮም ያውቀዋል። መጠንቀቅ ያለባችሁ አንድ ቦታ ላይ ነው፦ በአማርኛ «ትናንት በልቻለሁ» ቢባል ማንም አይገረምም፤ በእንግሊዝኛ ግን «የስተርደይ» ካለ «ሃቭ» አይገባም።

«ላሊበላ ሄደህ ታውቃለህ?» የሚለውም እውቀት መጠየቅ አይደለም። እዚህ «ኖው» የሚባል ቃል የለም፤ «ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን ቱ ላሊበላ?» ነው። እዚህ ሰፈር 3 ዓመት ሆኖኛል ለማለት ደግሞ «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ስሪ ይርስ» በሉ። «ፎር» የጊዜውን ርዝመት ይዛ ትመጣለች፣ «ሲንስ» ደግሞ መነሻውን፦ ሲንስ መንደይ፣ ሲንስ 2015።

«ኤ» እና «ዘ»ም እንዲሁ። «መኪና ገዛሁ። መኪናው ቀይ ነው» በሉና ሁለተኛዋን «መኪናው» እዩ። ጫፏ ላይ ያለችው «ው» ብዙ ጊዜ «ዘ» ናት፦ «አይ ቦት ኤ ካር። ዘ ካር ኢዝ ሬድ።» ለ«ኤ» ግን በአማርኛ ምልክት የለንም። ለዚህ ነው «ሺ ኢዝ ቲቸር» ብለን «ኤ»ን የምንረሳት። ይቺን በልምምድ እንጂ በሌላ መንገድ አታገኟትም።

4. ጥቂት ስሙ፣ ደጋግማችሁ ስሙ

በፈረንጆቹ 1959 የአሜሪካ ድምፅ «ስፔሻል ኢንግሊሽ» የሚባል ፕሮግራም ጀመረ። ዜናው በዝግታ ይነበብ ነበር፤ መሠረታዊ ቃላቱም 1,500 ገደማ ነበሩ። በ1,500 ቃል የዓለም ዜና ይነገር ነበር ማለት ነው! ስለዚህ ቃል መሸምደዱን ትንሽ ቀነስ አድርጉ።

የ1 ደቂቃ ድምፅ ምረጡ። 3 ጊዜ ስሙት፣ ከዚያ ከተናጋሪው እግር እግር እየተከተላችሁ በሉት። በመጨረሻ በስልካችሁ ራሳችሁን ቅዱና አወዳድሩ። የቃል መጨረሻ ላይ አተኩሩ። «ወርክድ» ሲነገር ጫፉ «ት» ይመስላል፤ «ዋንትድ» ውስጥ ግን «ኢድ» ጥርት ብላ ትሰማለች።

5. እርማት ስትጠይቁ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ

ክፍል ውስጥ ስለተሳቀበት አፉ የተሳሰረ ሰው ብዙ አውቃለሁ። በጣም ያሳዝነኛል፤ ጎበዝ ልጆች ናቸው ዝም ያሉት። ለዚህ ነው «ሁሉንም አርሙኝ» አትበሉ የምለው። የሥራ ባልደረባ ይሁን ጓደኛ፣ «ዛሬ ያለፈ ጊዜ ላይ ብቻ ስሳሳት ንገረኝ» በሉት። ለእሱም ይቀለዋል፣ እናንተም አትሸማቀቁም። በሳምንቱ ሌላ ስህተት ትመርጣላችሁ።

ከወር በኋላ ወደ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ተመለሱ። ማንም ሳያግዛችሁ በሌላ ቀለም እስክርቢቶ አርሙት። እኔ እንዲህ ሳደርግ ከ5ቱ ዓረፍተ ነገሮች በ4ቱ ውስጥ «ኤ» ጎድላ አገኘኋት። ስጽፋቸው አንዷም አልታየችኝም ነበር።