ከቅርጫት ኳስ ወደ ሶፍትቦል፦ ክንድሽን ሳትጎጂ መሸጋገር

በአሜሪካ ኮሌጆች ሁለቱንም ስፖርት ለምትጫወት ተማሪ ዋናው ፈተና ፌብሩዋሪ ነው። ከኖቬምበር የጀመረው የቅርጫት ኳስ ውድድር ሳያልቅ ሶፍትቦሉ፣ ማለትም ቤዝቦልን የሚመስለው ኳስ እየተወረወረ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ፣ ይከፈታል።

እግርሽና ትንፋሽሽ ዝግጁ ናቸው፤ ያልተዘጋጀው ክንድሽ ነው። ስለዚህ ውርወራ ከዲሴምበር ጀምሪ፦ በሳምንት 3 ቀን፣ ከ9 ሜትር ርቀት፣ በግማሽ ኃይል፣ 25 ያህል ውርወራ። ሕመም ከሌለ በየሳምንቱ 3 ሜትር ያህል ጨምሪ። ፒቸር (ኳሱን ለመቺዋ የምትወረውር ተጫዋች) ከሆንሽ መድረሻሽ 43 ጫማ፣ ማለትም 13 ሜትር ግድም ነው፤ ሙሉውን የክንድ ዙር ከመጀመርሽ በፊት በእጅ አንጓ ብቻ እየወረወርሽ አሟሙቂ። «ከታች ስለሚወረወር ትከሻ አይጎዳም» የሚሉትን አትስሚ። የትከሻሽ ፊት ለፊት ካመመሽ አቁሚ፤ በበረዶ አደንዝዞ መቀጠል ጉዳቱን ያብሰዋል።

በዱላ መምታቱ ይቀላል፦ ከቅርጫት ኳስ ልምምድ በኋላ ኳሱን በማስቀመጫ ላይ አድርጎ 40 ምት ይበቃል። ታኬታ ግን ይረሳል። ከጎማ ሶል በድንገት ወደ ታኬታ መግባት ባትንና ተረከዝን ያስጨንቃል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከ20 ደቂቃ አታሳልፊ።

የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ባለበት ቀን ውርወራውን ዝለዪው። ሁለቱ አሰልጣኞችም አንድ የጋራ መርሐ ግብር እንዲይዙ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ካልሆነ አንዱ ያሳረፈሽን ቀን ሌላው ያሠራሽበታል።